«መጀመሪያ ስንዴ፣ ፊደል ቆይቶ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ደሴ ላይ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰው የሚያነበውን ሁሉ ሳልወድ አነባለሁ፤ የቅሬ (የዕድር) ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የተማሪ ወርክሺት። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ «ሃያ ኮፒ አርግልኝ» ብሎ የሰጠኝን ጽሑፍ ግን ወድጄ ነው ሁለት ጊዜ ያነበብኩት። ርዕሱ «መጀመሪያ ስንዴ፣ ፊደል ቆይቶ» ይላል። ከወለጋ ተፈናቅለው ወሎ ስለገቡ ቤተሰቦች የተጻፈ ነው፤ የሚወቅሰው ደግሞ ልጆቻቸውን በነፃ እናስጠናለን የምንለውን ሰዎች ነው። እኔም አንዱ ነኝ፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ። ሃያውን ኮፒ ሰጥቼ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ፣ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። እነዚህ ቤተሰቦች የቸገራቸው እህልና መጠለያ እንጂ አስጠኚ አይደለም። ማስተማር የመንግሥት ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኛ ተብዬው አልሠለጠነም፣ መጥቶም ይጠፋል። የራሳችን ልጆች እየወደቁ የሰው ልጅ ማስጠናት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ነው። የግድ ይማሩ ከተባለም ኦሮምኛውን ትተው አማርኛውን ቶሎ ይያዙ። ደግሞም እዚህ ባስተማርናቸው መጠን መመለሻቸውን እንዘጋለን። ሁሉም ላይ የምለው አለኝ። በአንዱ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እሱንም ሲደርስ እናገራለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። ጽሑፉ አንድ ቦታ «ስደተኞች»፣ ሌላ ቦታ «እንግዶቻችን» ይላቸዋል። ስደተኛ የአገር ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው፤ የራሱ ሕግም አለው። እነዚህ ከአገራቸው አልወጡም፤ ተፈናቃይ ናቸው፣ ዜጋ ናቸው። «እንግዳ» የሚለው ግን ከስህተትም አልፎ ያሳፍረኛል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ 600 ሺህ ገደማ ሰው በአውቶቡስና በአንቶኖቭ እየጫነ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጎጃምና ወደ ጋምቤላ አሰፈረ። ትልቁ ቁጥር የሄደው ከዚሁ ከወሎ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ከአምባሰል ተነሥተው ወለጋ ገቡ፤ እዚያው ቀሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስጠናቸው ልጆች የአምስቱ አያቶች የዚያ ዘመን ሰፋሪዎች ናቸው። ልጆቹ አያታቸው የተነሡበትን ቀበሌ ስም ይጠሩታል፣ መንገዱን ግን አያውቁትም። እንግዳ ማለት እንዲህ ያለውን ሰው ከሆነ፣ የኛን አገር ሰው ለማን ልንለው ነው?

አሁን ወደ ስንዴው። የተራበ ልጅ እንደማያጠና እኔም አውቃለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ልጅ ሰባት ጊዜ ስምንትን ስትጠይቀው ዓይኑ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ለዚህ ብለን ቂጣና ሻይ አናስቀርም። ነገር ግን ስንዴና ፊደልን ወረፋ ያስያዛቸው ማን ነው? የአፍሪካ ኅብረት በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ካምፓላ ላይ የተቀበለው፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተፈናቃዮች ስምምነት አለ። ዘጠነኛው አንቀጽ መንግሥታት ለተፈናቃይ ማቅረብ ያለባቸውን ሲዘረዝር ምግብን፣ ውሃን፣ መጠለያን፣ ሕክምናንና ትምህርትን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠራቸው። ፊደል ቆይቶ ይምጣ የሚል ቃል የለበትም።

ከስምምነቱ ይልቅ ግን የራሴን ልንገራችሁ። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለ ሰው ደሴ መጥቶ በየትምህርት ቤቱ ሲያድር እኛ እንጀራ እያዞርን ስንረዳ ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ እኛው ራሳችን ወጣን። ደብረ ብርሃን ገብተን፣ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተኝተን ሳለ፣ ግቢ የምትጋራን ሴት ማታ ማታ ልጄን ከልጇ አጠገብ አስቀምጣ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ታሠራው ነበር። አስተማሪ አልነበረችም፤ ሱቅ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ያን ጊዜ ማን ዱቄት እንደሰጠን፣ ስንት ኪሎ እንደሰጠን ረስቻለሁ። የሴትዮዋን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ «ያዝኸው? አልያዝኸውም። እንደገና።» ልጄ በቀኑ ውስጥ አፈናቃይና ተፈናቃይ የሌለበት አንድ ሰዓት ነበረው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው፣ እውነት ነው። ከላይ የጠቀስኩት ስምምነትም ግዴታውን የጫነው በመንግሥት ላይ እንጂ በፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ላይ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ከመንግሥቱ ደጅ እስከ ልጅቷ ድረስ ያለውን መንገድ ማን አብሯት ይሂድ? አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ አንድ ትምህርት ቤት ሄደች። መሸኛ አምጪ ተባለች። መሸኛውን የሚጽፈው ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ካርዱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። ተመለሰች። በሳምንቱ ሄደች፤ የቀበሌ መታወቂያ ተባለች። እሱንም ለማውጣት መሸኛ ተጠየቀች። ሦስተኛ ጊዜ መሄድ አፈረችና ልጅቷን ቆሎ እንድትሸጥ መናኸሪያ ላከቻት። በሦስተኛው እኔና አንድ ጓደኛዬ አብረናት ሄድን። ያደረግነው ተአምር የለም፤ ቁጭ አልን። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ነበሩ፤ እስኪወጡ ቁጭ አልን። «በምደባ ፈተና ትግባልን፣ ደረጃዋን እናንተው ለኩ» ብለን ጠየቅን። ለኩ፣ ገባች። ለዚህ ያስፈለገው ብር አልነበረም፤ ማመልከቻ መጻፍ የሚችልና ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያፍር አንድ የከተማው ሰው ብቻ ነው። ማስጠናት ስንል ጸሐፊው ጥቁር ሰሌዳ ብቻ የታያቸው ይመስለኛል። የሥራችን ግማሽ ይህ ነው፤ መሸኛ፣ ካርድ፣ የጤና ጣቢያ ወረፋ፣ ከአከራይ ጋር ክርክር።

ስለ አከራይ ካነሣን አይቀር፣ «ወሎ የፍቅር አገር» የሚለው ነገር ጽሑፉ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል። እኔም ወሎዬ ነኝ፣ ደስ ይለኛል። ግን ያንኑ አንድ ክፍል ለሠፈር ሰው በአንድ ዋጋ፣ ለተፈናቃይ በሌላ ዋጋ የሚያከራይ ሰው በሠፈሬ አለ። ዘፈኑን በቀስታ እንዘፍነው።

ሦስተኛው ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው ያልኩት ነጥብ ይመጣል። በጎ ፈቃደኛ መጥቶ ይጠፋል። አንድ ክረምት ቲሸርት ያሠሩ ወጣቶች መጡ። ዘጠኝ ቀን አስጠኑ፤ በደንብ ነው ያስጠኑት፣ አልዋሽም። በዘጠነኛው ቀን እያንዳንዱን ልጅ አዲስ ደብተር አስይዘው ፎቶ አነሡ፤ ደብተሩ ስላልበቃ ከአንዱ እየተቀበሉ ለሌላው አስያዙ። ከዚያ ሄዱ። በማግስቱ ልጆቹ ሰዓታቸውን አክብረው መጥተው በር ላይ ተቀመጡ። አንዷ «ጋሼ፣ እርስዎም ቲሸርት አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ጥያቄዋ አልገባኝም ነበር።

ስለዚህ ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ እጄን አውጥቼ እስማማለሁ። መፍትሔያቸው ግን «እንግዲያው ማንም አይምጣ» ነው፤ እዚያ ላይ እንለያያለን። እኛ ያደረግነው ይህ ነው፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ቅዳሜን አልቀርም ብሎ ያልማለ ሰው አናስገባም። በሳምንት አምስት ቀን እመጣለሁ የሚለንን ቀናተኛ እንፈራዋለን፤ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ የሚለውን እንወደዋለን። ፎቶ የለም። በሩ ክፍት ነው፣ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር አይቀመጥም። «ምን አይተሽ መጣሽ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ልጁ ራሱ ካነሣው እንሰማለን፣ ካላነሣው አንቆፍርም። ሠርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ልጅ አለን። ሲገባ ማንም አይስቅም፣ ማንም አይጎትተውም፤ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ሲሻለው ይወጣል።

አለመሠልጠናችንንም አልክድም። አንዲት አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህርት ለምነን አመጣን፤ ሁለት ቅዳሜ ቆመው ካዩን በኋላ «ሀ ሁን በዜማ ማስጮኹን ተዉት፤ ከልጁ ስም ውስጥ ካሉት ፊደላት ጀምሩ» አሉን። ያን ቀን የተማርኩት ከሁለት ዓመት ድካሜ ይበልጣል። አገሪቱ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ስታውጅ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ነበር የተባለው። የተማረ ሲባል የመምህርነት ሰርተፊኬት ያለው ማለት አልነበረም።

ግን የኔ ትልቁ ጥፋት የተፈጸመው በቋንቋው ላይ ነው፤ ጸሐፊው «ኦሮምኛውን ትተው» ካሉበት ቦታ ላይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ መጣች። አማርኛዋ የአምባሰል አማርኛ ነው፣ ከአያቷ የወሰደችው። መጽሐፍ ሰጠኋት፤ አየችው፣ መልሳ ሰጠችኝ። አታነብም ብዬ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር አስቀመጥኳትና ሀ ሁ አስጀመርኳት። ያን ቀን ምንም አላለችም። ሁለት ሳምንት ቀረች። ቤታቸው ስሄድ እናቷ ቡና እያፈሉ «አብሽር፣ ልጂቱ ተቀይማ ነው እንጂ አልታመመችም» አሉኝ። ለካ አራተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥታ ያለፈች ተማሪ ኖራለች፤ በኦሮምኛ፣ በቁቤ። ቁቤ ከ1984 ጀምሮ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የምትጀምርበት ክፍል ሳትደርስ ተፈናቀለች። የምትናገረውን የማታነብ፣ የምታነበውን እዚህ የሚያይላት የሌለ ልጅ፤ እኔ ደግሞ መሃይም አድርጌ ከስድስት ዓመት ልጆች መሀል ጣልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሌላ ሆነ። ከሚሴ ሸቀጥ የሚያመላልስ ዘመዴን ለምኜ በኦሮምኛ የተጻፉ የተማሪ መጻሕፍት አስመጣሁ። ለዚህ ወለጋ ድረስ መሄድ አላስፈለገም፤ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ነው፣ ከሚሴና ባቲ ልጁ በኦሮምኛ ይማራል። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ለጋምቦ እያልን የምንጠራቸው አገሮቻችን ስማቸው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ወሎ ላይ ኦሮምኛን እንደ ባዕድ ነገር «ትተው ይምጡ» ማለት የራስን ካርታ አለማንበብ ነው።

ልጅቷ መጽሐፉን አገኘችና ጮክ ብላ አነበበችልን፤ ሳትደናቀፍ። የአንደኛ ክፍሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ፊደሉን በሌላ መንገድ ገባችበት፤ ድምፁን ታውቀዋለች፣ የሚጎድላት ቅርጹ ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስቱን በሰባቱ እያባዛች 231 መሆኑን ራሷ አስልታ «ኧረ ጋሼ፣ በዛ!» አለችኝ። ስህተቶቿ ደግሞ ከኔ ትምህርት ይበልጣሉ። ቁቤ ድምፅ ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል። ስለዚህ «ቤት አለ» በይና ጻፊ ስላት «ቤት አልለ» ብላ ጻፈች። ለምን ሁለት «ለ» አልኳት። «ሁለት ነው እኮ የሚሰማው» አለች። «አባቴ አለ» ሲባል ተናገረ ይሁን፣ ቤት ውስጥ አለ ይሁን፣ እናንተ በምን ትለዩታላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። 50 ዓመት ሳነብ አስቤው አላውቅም። «ከወሬው» አልኳት። ፊቷን አጠቆረች። ልክ ናት።

እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ። በቁቤ «ሲ» የምትባለው ፊደል የ«ጨ» ድምፅ ናት። የድመት ሥዕል ሥር የተጻፈውን «ካት» አየችና «ጫት» ብላ አነበበች። ደሴ ላይ! ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም ሳቀች። አልሠለጠነችም ተብላ የተናቀች ልጅ እንዳትሆን፣ ለምን እንደዚያ እንዳነበበች ለሁሉም በሰሌዳ አስረዳኋቸው። «ኤክስ»ም «ጠ» እንደሆነች እሷ ጨመረችበት። እስካሁን ድረስ ልጆቹ በምስጢር ሲጻጻፉ አማርኛን በቁቤ ይጽፋሉ።

አያቷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ኦሮምኛውም ሳይቀር በግዕዝ ፊደል ነበር የሚሰጠው፤ ቁቤን እሳቸው አያውቁም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ጽሕፈት የማያነብ። አሁን ማታ ማታ እሳቸው ፊደሉን ያስጠኗታል፣ እሷም ቁቤውን። እሳቸው ከባድ ተማሪ ናቸው አሉ፤ የቤት ሥራ አይሠሩም።

«የራሷ አሮባት» ወደሚለው ልለፍ። ቁጥሩን ጸሐፊው ሳያጋንኑ ነው የጻፉት፤ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ያሳቅቃል። ግን ወጡ ያረረው ተፈናቃይ ከመምጣቱ በፊት ነው። ክፍላችን ውስጥ 18 ልጆች አሉ፤ 11ዱ ተፈናቃዮች፣ ሰባቱ የሠፈሩ ልጆች። በሩ ክፍት ስለሆነ ራሳቸው ገቡ። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ስሙን ብቻ መጻፍ የሚችል የጎረቤቴ ልጅ አለ፤ ማካፈልን የሚያስረዳው ከወለጋ የመጣ ልጅ ነው። ያ የካምፓላ ስምምነትም ቢሆን ርዳታው እንደ አስፈላጊነቱ ተቀባዩን ማኅበረሰብ ጭምር እንዲደርስ ይላል። የሚያስጠና ሰው አንሶን እንደሆነ እንነጋገር፤ ልጆቹ ግን አልተሻሙም።

የመጨረሻው ክስ መመለሻቸውን እንዘጋለን የሚለው ነው። ከ2016 ጀምሮ ወደ ወለጋ የተመለሱ አሉ፤ ከኛም ክፍል ሁለት ወንድማማቾች ተመልሰዋል። ይመለሱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን እኔ አልወስንም፣ ጸሐፊውም አይወስኑም። ወንድማማቾቹ ሲሄዱ ግን ኦሮምኛ ንባባቸው አልዛገም፤ ከከሚሴ በመጣው መጽሐፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያነቡ ነበር። ጸሐፊው ኦሮምኛውን ያስረሱ ይሉና ዞር ብለው ደግሞ መመለሻ እንዳይዘጋ ይላሉ። ሁለቱን ምክር አንድ ላይ ብንከተለው ኖሮ ልጆቹ እዚያ ሄደው እንደገና ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ይቀመጡ ነበር። ያ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ አይቻለሁ።

ጸሐፊው ደሴ ብቅ የሚሉ ከሆነ ይምጡና ይዩን። የምናስጠናው የቅሬያችን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፣ ድስቶቹና አግዳሚ ወንበሮቹ በሚቀመጡበት። ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት እንገኛለን። ካሜራ አያስፈልግም፤ እርሳስ መቅረጫ ቢይዙልን ግን ሁሌም እንደጠፋብን ነው። ወንበር ካጡ አይቀየሙን፤ ሠፈር ውስጥ ሰው የሞተ ቀን ወንበሩ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ እኛ ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን።